«አላውቅም» ብዬ የፈረምኩበት ቃለ ጉባኤ

ለተከበሩ የመምህራን ሙያ ማሻሻያ ቢሮ ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ በተለይ ጉልበትዎ ደህና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ማለቴ ቢሮዎ ከትምህርት ቤታችን ሁለት ፌርማታ ብቻ ርቆ ሳለ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ደረጃችንን ሲወጡ ስላላየንዎ፣ ሕመም ይሆን እንዴ እያልን በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስንጨነቅ ስለከረምን ነው። ለቤተሰብዎም፣ ለጸሐፊዎም፣ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሳይታክት ለሚያትመው ማሽንዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ።

እኔ የአምስተኛ ክፍል «ለ» የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ስልሳ አራት ልጆች ክፍል ውስጥ፣ አንዲት ልጅ ደግሞ ቤት ውስጥ አሉኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት በፊርማዎ የደረሰኝ ደብዳቤ፣ የማስተምረውን ትምህርት እንደማላውቅ በራሴ አንደበት ተናግሬ በፊርማዬ ስላረጋገጥኩ፣ በመጪው ሐሙስ ቀርቤ የሙያ ፈቃዴ የማይታገድበት ምክንያት ካለ እንዳስረዳ፣ ክፍሌንም ለማስረከብ እንድዘጋጅ ያዝዛል። ሳነበው ቆሜ ነበር፤ ጨርሼ ልቀመጥ ስል ወንበሩ ያለበት ጠፍቶኝ የተማሪዎች ደብተር ላይ ነው የተቀመጥኩት። እንግዲህ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን፣ ቢሮዎ እንደሚወደው በተራ ቁጥር፣ በአደባባይ አቀርባለሁ። በአደባባይ ያደረግኩት በመዝገብ ቤት በኩል የላክኋቸው ሁለት ደብዳቤዎች በእነዚያ ሁለት ፌርማታዎች መሐል ደክሟቸው ሳይቀሩ አልቀሩም ብዬ ነው።

አንደኛ፤ ጥፋቴን አምናለሁ። ጥፋቴ መመሪያዎን ማመኔ ነው። መመሪያው መምህራን በየሳምንቱ ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት በመማማሪያ ቡድን ተሰብስበው ክፍተታቸውን በግልጽ እንዲያወጡ፣ አንዱ ከሌላው እንዲማር፣ በዚህም እስከ ጡረታቸው ድረስ በሙያቸው እንዲያድጉ ያዝዛል፤ እኔም ሞኟ፣ እውነት መሰለኝ። ባልደረቦቼ ግን ብልሆች ናቸውና ወደ ስብሰባው የሚያመጡት ቀድሞ የተፈታ ክፍተት ብቻ ነው። የሳይንሱ መምህር ለሦስት ዓመት ያቀረበው ክፍተት የጠመኔ አያያዝ ሲሆን፣ ደስ የሚለው ነገር በሦስቱም ዓመት ተፈቷል። እኔ ግን ዐይኔን በጨው አጥቤ ተነሣሁና፣ ልጆቼ ግማሽና ሲሶን ደምሩ ሲባሉ ሁለት አምስተኛ እያሉ እንደሚጽፉ፣ ግማሽ ላይ ሲሶ ተጨምሮበት ከግማሽ ያነሰ ሲወጣ አንዳቸውም እንደማይገርማቸው፣ አራት ጊዜ ደጋግሜ ባስተምርም ጠብ ያለ ነገር እንደሌለ ተናገርኩ። አልፌም፣ የታችኛው ቁጥር ለምን እንደማይደመር ሕጉን እንጂ ምክንያቱን እኔም አላውቅም፣ እባካችሁ አሳዩኝ አልኩ። ጸሐፊያችን የታሪክ መምህሩ፣ እጅ ጽሑፉ የሚያምር ሰው ነው፣ ቃል ሳያጎድል ጻፈው፤ እኔም ፈረምኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ትዝ ያለኝ በኋላ ነው።

ሁለተኛ፤ ከልብ አመሰግናለሁ፣ ምክንያቱም ቃለ ጉባኤያችንን የሚያነብ ሰው መኖሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅነው በዚህ ደብዳቤ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ስንጽፍ፣ ስንፈርም፣ ማኅተም ስናስመታ፣ ወረቀቱ የት እንደሚደርስ ሳናውቅ ኖረናል። ከዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ አንዲቷን «አላውቅም» ለቅመው ማውጣትዎ ዐይንዎ ምን ያህል የተሳለ እንደሆነ ይመሰክራል። ብቻ ገጹን ገልበጥ ቢያደርጉት ኖሮ የቀረውንም ያገኙ ነበር።

የቀረው ይህ ነው። አራተኛ ክፍል የምታስተምር፣ ያን የእንጨት ማስመሪያዋን ከብብቷ ስለማታወጣ ሁላችንም እትዬ ማስመሪያ የምንላት አንጋፋ መምህርት አለችን። ሰው ሁሉ አንገቱን ሲደፋ እሷ፣ አንቺ ልጅ ነዪ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝና ከአሮጌ የፈተና ወረቀት ሁለት እኩል ቁራጭ ቀደደች። አንዱን ለሁለት አጠፈችው፣ ሌላውን ለሦስት። ከዚያ ሁለቱንም እንደገና እያጠፈች ሁሉም ስድስት ስድስት እኩል ክፍል እስኪሆኑ አደረሰቻቸውና፣ በይ ግማሹ ስንት ሆነ፣ ሲሶውስ ስንት ሆነ፣ ቁጠሪ አለችኝ። ሦስትና ሁለት፤ አምስት ስድስተኛ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው፣ ክቡር ሆይ! በማግሥቱ ልጆቼን ወረቀት ሳሳጥፋቸው ዋልኩ፤ ከስልሳ አራቱ ሃምሳ አንዱ አገኙት። እጇን አውጥታ የማታውቅ፣ መጨረሻ ወንበር የምትቀመጥ ልጅ፣ ቲቸር ለካ መጀመሪያ እኩል መቁረጥ ነው ስትለኝ አንጀቴን አራሰችው። መመሪያዎ በትምህርት ቤታችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሠርቶ የታየው ያን ቀን ነበር፤ ቢሮዎም ፈጥኖ ደርሶ አስቆመው።

ሦስተኛ፤ ውጤቱን ላብስርዎ። ደብዳቤዎ ከደረሰ ወዲህ የመማማሪያ ስብሰባችን የሚፈጀው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ማንም ክፍተት የለበትም። የሐሙሱ ቃለ ጉባኤ ረቡዕ ተጽፎ ያልቃል። እትዬ ማስመሪያም ማን ፈቅዶላት ሥልጠና እንደሰጠች ተጠይቃለችና፣ ጡረታዋ ሁለት ዓመት ስለቀረው፣ ዝም አይነቅዝም ብላ ማስመሪያዋን ይዛ ትገባለች፣ ይዛ ትወጣለች። እኔን ኮሪደር ላይ ስታገኘኝ ትከሻዬን ቸብ አድርጋኝ ታልፋለች እንጂ አትቆምም።

አራተኛ፤ ይህን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል፣ ምክንያቱም በዚህኛው ተከሳሿ እኔ ነኝ። ዘንድሮ የተቀጠረች አንዲት ልጅ እግር መምህርት አለች፤ ሁለተኛ ክፍል፣ ሰባ ሕፃናት ሰጥተዋታል። ባለፈው ሳምንት መጻሕፍት ክፍል ውስጥ ብቻዬን ስደረድር ገባችና በሩን ዘጋችው። ዐይኗ ቀልቷል። እህቴ፣ ሲጮሁብኝ ምን ላድርግ፣ ድምፄ እኮ አይሰማም፣ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ተመለሺ ተመለሺ ይለኛል አለችኝ። መልሱን አውቀዋለሁ። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ እንዲሁ አልቅሼ፣ በር ላይ ቀድመሽ ቁሚ፣ እያንዳንዱን በስሙ እየጠራሽ አስገቢ፣ ጩኸቱን ከውጭ አስቀሪው ብላ ያስተማረችኝ ሰው ነበረች። ግን ያን ሰዓት የእርስዎ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ነገ ስብሰባ ላይ እንዲህ መከረችኝ ብትልስ፣ ማን ፈቀደልሽ ብባልስ፣ ልከዋትስ ቢሆን ብዬ አሰብኩ። በዚያ ዐይን ፊት ይህን አሰብኩ። ከዚያም አይዞሽ፣ ትለምጂዋለሽ አልኳት። እሷም አመስግናኝ ወጣች። ወይ ነዶ! ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወስድ ብሎኛል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አሽሙሩን ልተወውና ልለምንዎ። ፈቃዴን ቢፈልጉ ይውሰዱት፤ ብቻ በመማማሪያው ስብሰባ ላይ የተነገረ እዚያው ይቅር ብለው አንድ መስመር ይጻፉልን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልን ልጆቻችንን እንመክራለን፤ እኛ ግን በሽታችንን ስንናገር ሐኪም ሳይሆን ከሳሽ ነው የሚላክብን። አሁንስ ዋሸሁ። ፈቃዴንም እፈልገዋለሁ። ሌላ ሥራ አልችልም፣ ልጄን የማሳድገውም በዚሁ ነው፣ እነዚያን ስልሳ አራቱንም ዓመቱ ሳይጋመስ ለማንም ማስረከብ አልፈልግም፤ አሥራ ሦስቱ ገና አልገባቸውም። ሐሙስ እመጣለሁ። የምታገድበትን ምክንያት ራሴ ተናግሬ ፈርሜ ስለሰጠሁዎ ለመከራከር ብዙ የሚቀረኝ የለም፤ ግን እመጣለሁ።

ለሰጡን መመሪያ፣ መመሪያውን ላመነ ለሰጡት ትምህርት፣ እንዲሁም ይህን ረጅም ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አንብበው ከሆነ ላሳዩት ያልተለመደ ትዕግሥት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ሹመትዎ እንዲሰነብት፣ ወንበርዎም እንዲመችዎ እየተመኘሁ፣

ባልደረቦቿን እርዱኝ በማለቷ የተከሰሰች፣
ታዛዥዎ የአምስተኛ ክፍል «ለ» የሂሳብ አስተማሪ

ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ፖስታው ውስጥ ልክተተው ስል ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልጨምርልዎ ግድ ሆነ። ያቺ አዲሷ መምህርት የክፍሏን ቁልፍና የስም መጥሪያ መዝገቧን ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ሄዳለች፤ ስልኳም ዝግ ነው። የታሪክ መምህሩን ለምኜ የዓመቱን ቃለ ጉባኤዎች ከመጀመሪያው አንስቶ አየሁ። በየሳምንቱ፣ በስሟ ትይዩ፣ በራሷ ፊርማ «ክፍተት፦ የለም» ይላል። በቢሮዎ መስፈርት አንዲት እንከን ያልተገኘባት መምህርት እሷ ናትና፣ የምስክር ወረቀት ካሰናዱላት ለእኛ አይላኩት፤ የሚቀበለው የለም። ሰባዎቹ ሕፃናት ግን ይህን ስጽፍ እንኳ ገና ግቢው ውስጥ ተሰልፈው እየጠበቋት ነው፤ ምን እንደምንላቸው እርስዎ ቢነግሩን።