የባለቤቴ የድሮ ጆሮ እንዲመለስልኝ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ የዩኒቨርሲቲው የሙዚቃና የአእምሮ ምርምር ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ፣ ይልቁንም ጆሮዎ፣ እንደምን ሰንብቷል? ከነረዳቶችዎና ከነመሣሪያዎችዎ ደህና ከሆኑ ደስታዬ ወሰን የለውም፤ እኛ ቤት ግን ባለቤቴ ከእናንተ ደጅ ከተመለሰ ወዲህ ደህና የሚባል ድምፅ ጠፍቷል።

ባለቤቴ አናጺ ነው። የመጋዝና የመዶሻ ጩኸት የለመደ ሰው ዜማ እንዴት እንደሚሰማ ለማጥናት ብላችሁ ጋበዛችሁት፤ ድምፅ በማያስገባ ክፍል አስቀምጣችሁ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጋችሁ፣ የትኛው ድምፅ ከፍ፣ የትኛው ዝቅ እንዳለ ስትጠይቁት ዋላችሁ። ማምሻውን "እንዲህ ያለ ጆሮ ከሺህ ሰው አንድ ቢገኝ ነው" ብላችሁ፣ ማኅተም ያረፈበት የምስክር ወረቀት አስይዛችሁ ሰደዳችሁልኝ። ስለዚህ ውለታችሁ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የምስክር ወረቀቱ ሳሎናችን ውስጥ ከሠርጋችን ፎቶግራፍ በላይ ተሰቅሏል። ፎቶግራፉም ድምፅ ስለሌለው ከነቀፋ ድኗል።

ሁለተኛ፣ ማቀዝቀዣችን ዝቅ ብሎ እንደሚያንጎራጉር፣ የጎረቤታችን ውሻ ግን ልክ በሆነው ድምፅ እንደሚጮኽ ተረድቻለሁ። እኔ ስናገር አልፎ አልፎ ዓይኑን ይጨፍናል።

ሦስተኛው ግን ከቀልድ ያለፈ ነው። ልጃችን ልታገባ ነውና የእጮኛዋ ቤተሰቦች ሊተዋወቁን መጡ። የልጁ እናት ጨዋታ አዋቂ፣ ደግ ሴት ናቸው፤ ከምሳ በኋላ ደስ ቢላቸው፣ ልጃቸውን እሹሩሩ ብለው ያሳደጉበትን ዜማ ለልጄ አዜሙላት። የልጄ ዓይን እንባ አቀረረ። ባለቤቴም ብድግ አለና፣ እጅ ነሥቶ፣ "እትዬ፣ መሀል ላይ ወረዱ፤ እስቲ ትንሽ ከፍ ይበሉ" አላቸው። ሴትዮዋ ከፍ ያሉት ከወንበራቸው ነው፤ ቦርሳቸውን አንሥተው ወጡ። ልጄ "አባዬ፣ ትዳሬን አፈረስከው!" ብላ በሯን አላተመችው። እሱ በሩ ስለሰጠው ድምፅ አስተያየት ሊሰጥ አፉን ሲከፍት፣ ተመስገን ነው፣ የእኔን ፊት አየ።

በማግስቱ ቢሮዎ መጣሁ። እጅግ ጨዋ የሆነችው ረዳትዎ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና፣ "እናቴ፣ ጥናታችን ጆሮን እንጂ አፍን አይመለከትም" አለችኝ። ስለ ማብራሪያዋ አመሰግናለሁ፤ አፉን የምመለከተው እኔ መሆኔን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ይቅርታ እንዲጠይቅ እየጎተትኩ ወሰድኩት። ሴትዮዋ ደጃፋቸው ላይ ቆመው "ይቅር ብያለሁ፤ ግን እርስዎም አንድ ያዚሙልኛ" አሉት። ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ። ያ ከሺህ አንድ የተባለው ጆሮ የገዛ ጉሮሮውን ሰማ! እንዳፈረ ድምፁን ሲውጥ፣ ሴትዮዋ እየሳቁ እጁን ያዙና፣ "ይቀጥሉ እንጂ ወንድሜ፣ ማን ያቁሙ አለዎት?" ብለው አብረውት ማዜም ያዙ። ሁለቱም ተያይዘው ዜማውን ሳቱ፤ እኛም በሳቅ ፍርስ አልን። ሠርጉም በቀኑ ይሆናል።

አራተኛውን መጻፍ ይከብደኛል። ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ጢሙን ሲላጭ ይዘፍን ነበር፤ እኔም በትራስ ጆሮዬን እየሸፈንኩ አማርረው ነበር። ከዚያች ቀን ወዲህ በዝምታ ይላጫል። "ምነው ዝፈን እንጂ" ስለው፣ "ተይኝ፣ ሰምቼዋለሁ" ይለኛል። የሚሰማው የውሃው መውረድ ብቻ ነው። ክቡር ሆይ፣ እኔ ያንን የተጣመመ ዘፈን ሰምቼ ነበር መንጋቱን የማውቀው።

እንግዲህ "መሣሪያችን ተሳስቶ ነበር" የምትል አንዲት ወረቀት፣ ማኅተሟ ደመቅ ብሎ፣ እንድትልኩልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ አያስጋዎ፤ ባለቤቴ ያለ መነጽር አያነብም፣ መነጽሩም እኔ ጋ ነው።

ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለመሣሪያዎችዎ ግን አጭር ዕድሜ ከልብ እየተመኘሁ፣

አክባሪዎ
የአናጺው ሚስት

ማስታወሻ፦ ከእናንተ ፊት ለፊት ያለው የምግብ ጣዕም ምርምር ክፍል "ጣዕም ለይቶ የሚያውቅ ምላስ ያላቸው በጎ ፈቃደኞች እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ በሩ ላይ ለጥፎ ነበር። የቀደድኩት እኔ ነኝ። ከጠየቁዎት፣ ቤታችን ውስጥ ምግብ የምታበስለው ማን እንደሆነችም አብረው ይንገሩልኝ።