የፔዳል እግር

እሁድ፣ ከምሳ በኋላ

ለልጄ፣ ስምሽን ስጠራ አፌን ለሚጣፍጠኝ፣

ሳቂታዋ ጎረቤታችን ከሆስፒታል ወጥታለች። ወጥታለች ስልሽ ድናለች ማለቴ አይደለም። እዚያም ተኛች እዚህ ያው ነው ብለው ነው የሰጡን። ምድር ቤት ባለው ክፍላቸው መስኮቱ ሥር አስተኝተናታል። ዓይኗ ይከፈታል፤ ማንን እንደሚያይ ግን አይታወቅም። ትልቋ ልጇ ፀጉሯን ታበጥርላታለች፤ ትንሹ አልገባም ብሎ በሩ ላይ ቁጢጥ ይላል። ሹፌሩ ባሏ መኪናውን ለሌላ ሰው አስረክቦ ቤት ውሏል። የሚቀመስ ነገር ይዤ ስወርድ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ» ብሎ ሳህኑን ይቀበለኛል። ማምሻውን ስመለስ ሳህኑ እንዳለ ነው።

እንዴት ነሽ ሳልልሽ በሷ መጀመሬን አትቀየሚኝ የኔ እናት። የሷ ነገር ያንቺም ነገር ሆኖብኝ ነው። ስልክሽ ዝግ ነው ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። እዚያ ሰው አገር ወዳለው ፋብሪካችሁ ቢሮ ባስደውል አንዷ «እንነግራታለን» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ነገ አዲስ ሠራተኞች ይዛ ወደናንተ የምትሄደውን ሴትዮ ለምኛት ይህን ወረቀት አደርሳለሁ ብላኛለች። ጽሕፈቴ ዶሮ የጫረው ቢመስልም፣ በሞቴ እስከ መጨረሻው አንብቢው።

የስፌት ቤታችንን ልማድ መቼም አትረሺውም። ጤና ጣቢያ ልሂድ ብለሽ ፈቃድ ስትጠይቂ አለቃው ፊቱን ያጠቁራል፤ ቀንሽም ይቆረጣል። ስለዚህ ቁልፍ የምትተክለዋ ጓደኛችን፣ «ፋርማሲ» የምንላት፣ በምሳ ሰዓት መድኃኒት ቤት ብቅ ብላ የወሊድ መከላከያውን እንክብል ለሁሉም ይዛ ትመጣለች። አንድ ዓይነት፣ ለሁሉም። «ባለትዳሯም፣ ላጤዋም፣ የወር አበባ የሚያስቸግራትም፣ ከአንድ ድስት ነው የምትበሉት» እያለች ስታድል ስንቴ ስቀናል። ሐኪምሽ ማን ነው ሲሏት «ሐኪሜ ቁልፍ ትተክላለች» ያለችው ሳቂታዋ ራሷ ናት። አንቺም የወር አበባሽ በሥራ ሰዓት ሲያሠቃይሽ፣ ከወንበር ንቅንቅ የለም ሲሉሽ፣ ከፋርማሲ እጅ ነው የጀመርሽው። ስትሄጂም ሻንጣሽ ውስጥ ሸጉጣልሻለች።

ሳቂታዋ እንክብሉን እንደምትውጥ ባሏ አያውቅም ነበር። አንድ ልጅ ይጨመር ይል ነበር፤ እሷ ደግሞ ያሉትን ላሳድግ ባይ ናት። እንክብሉን ቤት ስለማታስገባው ከማሽኗ ሥር፣ ክር ማጠንጠኛዎቹ መሃል ነበር የምታኖረው። ሥራ ስትጀምር ትውጣለች። እሁድ ሥራ ስለሌለ ይዘለላል፤ ሰኞ ደርባ ትውጣለች። እንዲህ ነበር የምትኖረው፣ እኛም እያየናት።

ከዚያ ግራ ባቷ ማበጥ ጀመረ። መቼም ፔዳል ስትረግጥ የምትውል ሴት እግሯ ቢያብጥ ማን ጉዳዬ ይለዋል። «የፔዳል እግር» ብለን ስም አውጥተንለት የለ። እኔ ካውያው ጋ ቆሜ አያታለሁ፤ ጨርቁን ገታ ታደርግና ባቷን ታሸዋለች። «እትዬ፣ ንኪው እስቲ፣ ይሞቃል» አለችኝ። ፋርማሲ ከወዲያ ሆና «ባልሽ መንገድ ስላበዛ እግርሽ ናፍቆት ይዞት ነው» አለቻት። ሳቅን። እሷም ሳቀች።

ሲብስባት ሹፌሩ ራሱ ሐኪም ቤት ወሰዳት። ይህን ያወራኝ እሱ ነው። ሐኪሙ «የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» አላት። ባሏ አጠገቧ ቆሟል። «ምንም የለም» አለች። ሥራሽስ ቢላት ፔዳል እረግጣለሁ አለችው። ቅባትና ማስታገሻ ሰጥቶ መለሳት። በማግስቱ ማሽኗ ላይ ድፍት አለች፤ ጨርቁ መርፌው ሥር እንዳለ፣ ማሽኑ እየሄደ።

ፋርማሲ እንክብሉን ከማሽኑ ሥር መንጭቃ፣ አንድ ጫማዋን መንገድ ላይ ጥላ ሆስፒታል ደረሰች። «ይሄን ነው የምትውጠው» ብላ ሐኪሞቹ ፊት ዘረጋችላቸው። ሹፌሩ እዚያው ቆሞ ያያል። እግሯ ላይ የረጋው ደም ተነሥቶ ሳንባዋን ዘግቶት ኖሯል። ልቧን መለሱላት፤ እሷን ግን አልመለሷትም።

አንድ ቀን ሳህኑን ሳነሣ ሹፌሩ ምን አለኝ መሰለሽ። «ብትነግረኝ እቆጣ ነበር እትዬ። ተቆጥቼስ የት እደርሳለሁ፤ መኪናዬን አስነሥቼ እሄዳለሁ፣ መንገድ ላይ ይበርድልኛል።» «ነገ እንኳ ትንሽ ቅመስ» ብዬው ወጣሁ።

በኋላ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጥታ ካውያ ክፍል ሰበሰበችን። ልጅ ናት፣ ያንቺ እኩያ ብትሆን ነው። እኛ መቼም እንክብሉን እንደ እባብ ማየት ጀምረን ስለነበር መጀመሪያ እሱን ነቀለችው። «መርዝ አይደለም። ስንትና ስንት ሴት በሰላም ትጠቀምበታለች። ግን ተመርምሮ እንጂ ተዳርሶ አይደለም» አለች። ከመጀመርሽ በፊት የደም ግፊትሽ ይለካል። ሲጋራ የምታጨስ፣ በተለይ ዕድሜዋ የገፋ፣ ራሷን ሲያማት ዓይኗ ላይ ብልጭታ የሚሄድባት፣ በቅርብ የወለደች፣ ከዘመዷ ደም የረጋበት ያለባት፣ እሷ ሌላ ዓይነት ነው የሚሰጣት እንጂ ይሄ አይሆናትም። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ይዋጣል። አንዱን ብትረሺ ትዝ ባለሽ ጊዜ መዋጥ ነው፣ ሁለት በአንድ ቀን ቢሆንም። ከዚያ በላይ ከዘለልሽ ግን በኮንዶም እየተጠነቀቁ መጠየቅ ነው። ወዲያው ካስመለሰሽ እንዳልዋጥሽ ይቆጠራል። የሳንባ ነቀርሳና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ኃይሉን የሚሰብሩት አሉ አለችን።

ፋርማሲ ከኋላ «እሁድስ?» አለች፣ አንገቷን ደፍታ።

«እንክብሉ እሁድ የለውም» አለቻት ነርሷ። ያቺ ቀልደኛ አሁን ቁልፏን ትተክላለች፣ ትሄዳለች፤ ማንም ቢጠራት ቀና አትልም። ወይኔ ልጄ፣ ለሁላችንም ብላ ስትሯሯጥ የነበረች ሴት ናት።

ሰው ሲበተን ነርሷን ለብቻ ያዝኳት። የልጄ አባት እግሩ አብጦ በድንገት ነው የሞተው፣ ያኔ ሐኪሙ ደም ረግቶ ነው ብሎኝ ነበር፣ ይሄ ነገር ነው ወይ የምትዪው አልኳት። ቦርሳዋን መዝጋት ተወች። «ልጅሽ ይሄን እንክብል ትወስዳለች?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «ዛሬውኑ ንገሪያት» አለችኝ። ዛሬውኑ ያለችው ቀን አልፎ ሌላ ቀን መጣ፣ እሱም አለፈ፤ ስልክሽ ዝግ ነው።

አባትሽ ሲሞት አንቺ እንኳን ይሄን ልትረጂ ጫማሽን ማሰር አትችዪም ነበር። የሱ ነገር ላንቺ ሊተርፍሽ እንደሚችል እኔንም የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መጨረሻ በላክሽልኝ ድምፅ ምን ብለሽ ነበር። «እማ፣ ፔዳሉ ባቴን ገደለው፣ ደግሞ አንዱን ብቻ፣ ሌላኛው ዘመድ አለው መሰለኝ» ብለሽ ሳቅሽ። ያን ጊዜ አብሬሽ ስቄያለሁ። አሁን ስሰማው አንዱን ብቻ የሚለው ላይ ስደርስ አጠፋዋለሁ።

እንግዲህ ስሚኝ። ይህን እንዳነበብሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። ነገ አይደለም፣ ከፈረቃ በኋላ አይደለም። ቀንሽን ይቁረጡት፣ ከፈለጉ ያባርሩሽ። እግርሽን እንዳታሺው፣ ማንም እንዳያሽልሽ። እንክብሉን ተዪው፤ ሌላ የሚሆንሽን እነሱ ይሰጡሻል። የምትውጪውን ንገሪያቸው፤ ቋንቋው ቢቸግርሽ ከነማሸጊያው ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጪው። የአባትሽንም ንገሪ። አጠገብሽ ማንም ቢቆም አትፈሪ። ትንፋሽ ቢያጥርሽ፣ ደረትሽን ቢወጋሽ፣ ራስሽን ክፉኛ ቢያምሽ፣ ዓይንሽ ቢጋረድ፣ ወለሉ ላይም ቢሆን ተኝተሽ ጩኺ፤ ተሸክመው ይውሰዱሽ።

ወረቀት ቀርፋፋ ነው። ሴትዮዋ መንገድ ላይ ትቆይ ይሆናል፣ ትረሳው ይሆናል። ብርር ብዬ አልመጣ ነገር።

በወጣሽ በገባሽበት ክፉ አይይሽ። ትንፋሽሽ ይርዘም፣ እኔን ቀብረሽ የምትመለሺ ያድርግሽ። እኔ አንቺን ልቅደምሽ እንጂ አልከተልሽ።

እናትሽ

ልጄ፣ ወረቀቱን ሳላጥፈው በር ተንኳኳ። ያቺ ረጅሟ፣ ካንቺ በላይ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛው ልጅ ናት፤ ውሏ አልቆ ጠዋት ገብታ ቀጥታ እኔ ጋ ነው የመጣችው። ሻይ ላፍላልሽ ብላት አልቀመጥም አለች፤ ግን ተቀመጠች። ስልካችሁን ሥራ ያዘናጋል ብለው ሰብስበው እንደወሰዱት ነገረችኝ። መጀመሪያ «ደህና ናት እማማ» አለችኝ። «እግሯስ?» አልኳት። «ማን ነገረሽ? እንዳትነግሪያት ብላኝ ነበር» አለች።

ከዚያ ጣቷን እያፍተለተለች ሁሉንም ነገረችኝ። ጫማ አልገባ ብሏት በነጠላ ጫማ ነው የምትሠራው አለች። ደረጃ ስትወጣ መሃሉ ላይ ትቆማለች፣ ትንፋሿ እስኪመለስ እንጠብቃታለን አለች። ሐኪም ጋ እንሂድ ስላት «የፔዳል እግር ነው፣ ሰፈራችን ያለች ሴት ሁሉ አለባት» ብላ ትስቅብኛለች አለች። ስለያት ልትነሣ ሞክራ ስላቃታት ከአልጋዋ ላይ ሆና ነው የሳመችኝ አለች። «እማዬ ከጠየቀችሽ ግን፣ እስከ አውቶቡሱ ድረስ ሸኝታኛለች በያት» ብላኛለች አለችኝ።