ሽጉጡ እኔ ቤት ነው

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለዌንዴል፤ የአላስካ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሞንታና በጌታ ቸርነት አለን።

እማማ ካረፈች ወዲህ አባባ የዓሣ መንጠቆዎቹን ለጎረቤት አደለ፤ ውሻውንም ለእኔ ሰጠኝ። ማክሰኞ አባባን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ሐኪሟ ስለ ሲጋራው፣ ስለ እንቅልፉ ጠይቃው ስታበቃ፣ «ቤትዎ ሽጉጥ አለ?» አለችው።

«የመጣሁት ለደም ግፊት ነው ወይስ ለአደን?» ብሎ አሳቀን።

«ሁሉንም ታካሚ እጠይቃለሁ። ሐዘን የከበደው ሰው በራሱ ላይ እንዳይጨክን፣ ለጊዜው ሌላ ሰው ቢያስቀምጥልዎስ?»

ወደ እኔ እያመለከተ፣ «ቬርና ትውሰደው» አለ። መኪና ውስጥ እጄን ይዞኝ ነበር፤ ከልጅነቴ ወዲህ እንዲህ አድርጎ አያውቅም።

እሁድ እሁድ እየደወልክ አጫውተው። የምትመጣበትንም ቀን ቆርጠህ ንገረው፤ የሚጠብቀው ነገር ይኑረው።

ጉንጭህን ስሜ የማልጠግብህ እህትህ፣ ቬርና