ውቡን የሩጫ መንገድ ስላቆሸሸው ስለ ክንዱ

ጎንደር፣ ሐምሌ ፭ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር የውብ የሩጫ መንገዶች ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ሰኔ ፲፬ ቀን እሑድ የሩጫ ውድድሩን ሲያዩ በአንገረብ ወንዝ ዳር፣ ከፏፏቴው ፊት ለፊት፣ ያን ያህል ሰዓት ተቀምጠው ስለ ዋሉ ብርድ እንዳይመታዎ፣ የበሉትም ጥብስ እንዲስማማዎት ከተማው ሁሉ ሲጨነቅ ሰንብቷል። እኔም ደህና ማደርዎን እስክሰማ ድረስ ብዕር ለማንሳት አልደፈርሁም።

ስሜ ወልደኢየሱስ ይባላል። ፒያሳ፣ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ የምጽፍ ሰው ነኝ፤ ይህን ሥራ ከያዝሁ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ክንዱ የተባለው የኮሶዬ ደብዳቤ አድራሽ በሁለት ሰው ተደግፎ መጣና ለክቡርነትዎ የይቅርታ ማመልከቻ እንድጽፍለት ለመነኝ። ኮሚቴዎ «የተከለከለ መንገድ ያለ ፈቃድ ገብቶ የውድድሩን ሥነ ሥርዓት አበላሽቷል» ሲል ለአሠሪዎቹ ስለ ጻፈ፣ ይቅርታ ካልጠየቀ ወደ ሥራው እንደማይመለስ ተነግሮታል። ባለጉዳይ መልሼ አላውቅምና ወረቀቴን ዘረጋሁ። ነገር ግን የሰውየውን ጥፋት በተራ በተራ ላስቀምጥ ስሞክር ብዕሬ እየከዳኝ ስለ ተቸገርሁ፣ የወጣልኝን እንዳለ በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ። ክንዱ መንገዱን ያውቀው ነበር፤ የጥፋቱ ሁሉ መጀመሪያ ይህ ነው። ማኪና ለማይደርስባቸው መንደሮች ደብዳቤ እያደረሰ ከኮሶዬ እስከ ጎንደር በሩጫ ሲመላለስ አሥራ አንድ ዓመት ኖሯል። መንገዱ ከገደሉ አፋፍ ተነሥቶ በገብስ ማሳ መካከል ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያ ጽድና ወይራ ከሞላው የቤተ ክርስቲያን ደን ይገባል፤ ከደኑ ሲወጣም አንገረብን ይዞ በዋንዛና በሾላ ጥላ ሥር ወደ ከተማው ያቀናል። እኔም በጉልምስናዬ አንድ ጊዜ ሄጄበት ነበር፤ ጠዋት ጭጋጉ ከገደሉ ሲነሳ፣ ጉሬዛውም ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲወረወር አይቼ፣ ለመሄድ የተነሣሁበትን ጉዳይ እስክረሳ ድረስ ቆሜ ቀርቻለሁ። ክንዱ ደግሞ ደኑ ውስጥ ሲገባ ድካሙ ሁሉ ከእግሩ እንደሚወርድለት ያወራል።

እንግዲህ ይህ የዋህ ሰው ባለፈው ሚያዝያ ኮሚቴው ለእንግዶች የሚሆን ውብ የሩጫ መንገድ ይፈልጋል ሲባል ሰምቶ፣ ማንም ሳይጠራው መጥቶ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር አሳያችሁ። እናንተ በበቅሎ፣ እርሱ በበረባሶ፣ ሁለት ቀን ሙሉ። የቱ ድንጋይ እንደሚያንሸራትት፣ የቱ ዛፍ ላይ ንብ እንዳለ፣ ወንዙንም በየት በኩል መሻገር እንደሚገባ ነገራችሁ። ኮሚቴውም ውለታውን አልረሳም፤ በግንቦት ወር በመንገዱ መግቢያና መውጫ ሰሌዳ ተከለለት። ሰሌዳው ከብት የሚነዳ፣ ሸክም የያዘ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ «ልብሱም ለዓይን የማያምር ሰው» እንዳያልፍ ያዝዛል። ክንዱ ፊደል የቆጠረ ሰው ነውና ቆሞ አነበበው፤ ወደ ልብሱም ዝቅ ብሎ ተመለከተና ተመለሰ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደብዳቤውን በኮረብታው ዞሮ ያመላልስ ነበር፤ በየጉዞው ሁለት ሰዓት ይጨምርበታል። ለዓይናችን ስላሰባችሁልን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ። ከክቡርነትዎ ድንኳን ሆኖ ፏፏቴው በደንብ እንዲታይ አሥራ አራት ጽድ ተቆርጧል። የደብሩ ቄስ ኃይለ ጊዮርጊስ ምክንያቱን ቢጠይቁ፣ ዛፎቹ ውበት እንደ ጋረዱ በአክብሮት ተገልጾላቸዋል። ቄሱ አንዱን ጉቶ በመዳፋቸው ዳብሰው ሄዱ። ክቡርነትዎ ይህን እንደ ምስጋና እንደ ቆጠሩት አልጠራጠርም።

ሦስተኛ። ስለ መሻገሪያው። ክንዱ ያሳያችሁ መሻገሪያ ከፏፏቴው ብዙ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ የሚሰፋበትና ውሃው ከጉልበት የማያልፍበት ነው። ነገር ግን ቦታው ከድንኳኑ አይታይም። ስለዚህ ሯጮቹ ከፏፏቴው ሥር፣ ከጥልቁ ውሃ አፍ ላይ፣ ገመድ ይዘው እንዲሻገሩና ውድድሩ ከድንኳኑ ደጃፍ እንዲያልቅ ተወሰነ፤ እንግዶቹም ከመብላቸው ሳይነሡ ሁሉን ማየት ቻሉ። እኔ ይህን የማውቀው ለአሸናፊዎቹ የሚሰጠውን የምስክር ወረቀት በደህና እጅ ጽሑፍ እንድጽፍ ታዝዤ ከድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ስለ ነበር ነው።

በዚያን ቀን ጠዋት ክንዱ ደብዳቤውን ይዞ በኮረብታው በኩል ሲመጣ ከላይ ወንዙ ደፍርሶ ሲወርድ አየ። ሰሌዳውን አልፎ በሩጫ መጣ። ከድንኳኑ ወረድ ብለው ውሃ መቅዳት የተከለከሉ ሴቶች እንግዶቹ እስኪሄዱ ይጠብቁ ነበርና፣ ቦርሳውን አባይነሽ ለምትባለው አስይዞ ክቡርነትዎ ፊት ቀረበ፤ እጅ ነሥቶም እንዲህ አለ፦

«ጌታዬ፣ ላይ ኮሶዬ ሲዘንብ ነው ያደረው። ውሃው አሁን ይደርሳል። ወይ በታችኛው ያሻግሯቸው፣ ወይ ጥቂት ይቆዩ።»

ክቡርነትዎ የሰጡትን መልስ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ እነሆ፦ «ይህን ማን አስገባው? ልብሱን አታዩም?»

ዘበኞቹ ገፍተው አስወጡት። ሃያ ሁለቱ ሯጮች ከደኑ ብቅ ያሉት ከዚያ በኋላ ነበር። ፊተኞቹ ሁለቱ፣ መምህር አላምረውና አንድ ወታደር፣ ገመዱን ይዘው ከውሃው መሐል ሲደርሱ ጎርፉ ዛፍ እያንከባለለ መጣ፤ ገመዱም ከነእንጨቱ ተነቀለ። እኔ ብዕሬን እንደያዝሁ ከመቆም በቀር ያደረግሁት የለም፤ ይህንንም ለራሴ ኀፍረት እጽፈዋለሁ። ክንዱ ግን ከነልብሱ ገባ። ወታደሩን ጎትቶ ወደ ዳር ካስጠጋው በኋላ ለመምህሩ ተመለሰ። አባይነሽ መቀነቷን ፈታች፤ ሴቶቹም የየራሳቸውን እየፈቱ ቋጠሩትና ወረወሩለት። ክንዱ በአንድ እጁ መምህሩን፣ በሌላው መቀነቱን እንደያዘ ግንዱ መጥቶ ጉልበቱን መታው። ጩኸቱን ድንኳኑ ውስጥ ሰምተነዋል። አልለቀቀም። ስድስት ሴቶች እየተንሸራተቱ ጎትተው ሁለቱን፣ ከዳርም ወታደሩን አወጧቸው።

አራተኛ። ሴቶቹ እርዳታ ይገኛል ብለው ሦስቱን ተሸክመው ከድንኳኑ ፊት ሣር ላይ አስተኟቸው። መምህሩን የጠጡት ውሃ ያስመልሳቸው ጀመር፤ የክንዱ እግር ወደማይታጠፍበት ታጥፏል። ክቡርነትዎ አፍዎን በመሐረብ ጠረግ አድርገው «እንግዶች ምግብ ላይ ናቸው፤ ወዲያ ራቅ አድርጓቸው» አሉ። ራቅ አደረጓቸው። ሦስት ማኪና ቆሞ ሳለ የቀሩት ሯጮች ራቅ ብሎ ባለው ድልድይ ዞረው መጥተው ቃሬዛ አበጅተው እስከ ከተማ በትከሻቸው ወሰዷቸው። አስተናጋጁም ሥጋ ጨመረ፤ ከእንግዶቹም የተነሣ አልነበረም።

የክቡርነትዎ አማች ከሁሉ ኋላ ወንዙ ዘንድ ደርሰው፣ የሆነውን አይተው፣ ዞረው በድልድዩ በኩል እየተንሸራሸሩ ስለ መጡ ካልሲያቸው እንኳ ሳይረጥብ፣ የቀረው ሁሉ ቃሬዛ ተሸክሞ ስለ ሄደ፣ አንደኛ ወጡ። የምስክር ወረቀቱን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ስማቸውን በቀይ ቀለም፣ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ጻፍሁት። ቀለሙ ከጣቴ ለቋል፤ ጣቴ ግን እስካሁን ያስጠላኛል።

አምስተኛና ስድስተኛም ነበረኝ፤ መቁጠሩ ቀፈፈኝ።

አሁን ወደ ክንዱ ልመለስ። ወጌሻው የተቻለውን አድርጓል፤ ጉልበቱ ግን ከእንግዲህ አይታጠፍም፤ መሄድ እንጂ መሮጥ ቀርቶበታል። መምህር አላምረው በትምህርት ቤታቸው የደወል ጠባቂነት አስገኝተውለት ነበር፤ ክንዱ ግን አሥራ አንድ ዓመት በያዝሁት ቦርሳ ቢያንስ በከተማው ውስጥ እየሄድሁ ደብዳቤ አድርሼ ልሙት ይላል። ማመልከቻውን እንዴት አድርጌ ልጻፍልህ ብዬ ብጠይቀው ብዙ ካሰበ በኋላ መለሰልኝ፦

«አያ ወልደኢየሱስ፣ ሰሌዳውን አንብቤ ማለፌ ጥፋት ነው፤ እሱን ይጻፉልኝ። ሰዎቹን ማውጣቴን ግን ጥፋት ነው ብለው አይጻፉብኝ።»

እንግዲህ ይቅርታው ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ አልተሰጠኝም። ይህን ደብዳቤ ከመጀመሪያው እስከዚህ ድረስ አነበብሁለት። አንገቱን ደፍቶ ሰማና፣ ይህ ከተላከ ሥራው ይቀር እንደ ሆነ ጠየቀኝ። አዎን፣ ቀርቷል አልሁት።

«ብዕሩን ይስጡኝ» አለና ፈረመ። በማግሥቱም ወደ መምህሩ ዘንድ ሄዶ ደወሉን ተረከበ።

ስለ ሰሌዳዎቹ ደግሞ ክቡርነትዎ እንዳይጨነቁ። ባለፈው እሑድ ሴቶቹ ከቅዳሴ መልስ ሁለቱንም ነቅለው አንዱን ለውሃ መቅጃው መረማመጃ አድርገውታል። እንስራ ያዘሉ ሁሉ ያልፉበታል። ጽሑፉ ወደ ላይ ስለ ሆነ የኮሚቴው ትእዛዝ በየቀኑ ይረገጣል ማለት ነው።

ክቡርነትዎ ለጎንደር ሕዝብ ስላደረጉት ሁሉ፣ መንገዳችንን ወስደው ስለ አስዋቡልን፣ ወንዛችንን ከእኛ ስለ ጠበቁልን፣ እንዲሁም ሰው ሲሰምጥ እየበሉ መቀመጥ እንደሚቻል በአካል ተገኝተው ስላሳዩን፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ፣ አፍንጫዬን ይዤ፣ ምስጋናዬን አቀርባለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ ልብሱም ለዓይን የማያምር፣
ወልደኢየሱስ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ
(ፊርማ)

ክንዱ፣ ደብዳቤ አድራሽ የነበረ
(ፊርማ)

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት በር ላይ በመስታወት ተደርጎ የተሰቀለውን ፎቶግራፍ ትናንት አየሁት። ክቡርነትዎ ጀርባዎን ለፏፏቴው ሰጥተው ፈገግ ብለዋል። ከትከሻዎ በላይ፣ ከውሃው መሐል፣ ወደ ላይ የተዘረጋ ነገር ይታያል፤ በረኛው ቅርንጫፍ ነው ብሎኛል። መምህር አላምረው ግን በቀለበቱ ለይተው የራሳቸው እጅ መሆኑን ነግረውኛል። ፎቶግራፉን እንዳያወርዱት እለምናለሁ።