«ደረጃውን ከወጡማ ድነዋል»፦ ከአንዲት ባለ አዲስ ጉልበት ለሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር

ለክቡር ዋና ዳይሬክተር፣

እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎ ደህና ነው? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ጉልበትን ለይቼ መጠየቄ ነገር ፍለጋ እንዳይመስልብኝ፤ ሰው አንድ ነገሩን ሲታመም የሌላውንም እዚያው ላይ ነውና የሚያየው፣ እኔም ቀዶ ጥገናውን ካደረግሁ ወዲህ በመስኮት የማየው መንገደኛ ሁሉ ከወገብ በላይ የለውም። ሁለቱም ጉልበቶችዎ ሳይንቋቁ፣ ሳያብጡ፣ የሰው ትከሻ ሳያስይዙ እስከ ጡረታዎ እንዲያደርሱዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ በተለይም እርስዎ ራስዎ በሚመሩት ሆስፒታል ለመታከም እንዳያበቁዎ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቀኝ ጉልበቴ በሆስፒታልዎ ተከፍቶ፣ ያረጀው መገጣጠሚያ ወጥቶ በብረት ተተክቶልኛል። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ ደብዳቤዬ ጠርዙ በደንብ ያልተቀመቀመ ቢሆን ይታገሱኝ። በጋዜጣ ማውጣቴንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በእጅዎ ልሰጥዎ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጸሐፊዎ በታላቅ ትህትና «ስብሰባ ላይ ናቸው እማማ» ብላ ሸኝታኛለች። እማማ ያለችው ክራንቹን መሆን አለበት፤ እኔማ ገና እትዬ ነኝ።

ከሁሉ በፊት ቀዶ ሐኪሙን አመሰግናለሁ። ይህ ምስጋና መርፌ የለበትም። ሥራው ንጹሕ ነው፤ ስፌቱንም እንደ ባለሙያ አይቼለታለሁ፣ እኔ ራሴ ከዚያ አላስተካክልም ነበር። ይህ ሰው በክትትል ቀኔ እንደነገረኝ ግን አዲስ ጉልበት መታጠፍን የሚማረው ጠባሳው ሳይጠና ነው፤ ያ ጊዜ ካለፈ በደረሰበት ይቀራል። የእኔ ደግሞ መሃል ላይ ሲደርስ እንደሚነክስ ዚፕ ቀጥ ይላል። እኔ የምሠራው በእግር በሚነዳ የስፌት መኪና ነው፤ ጉልበቴ ከመኪናው ሥር ታጥፎ ካልገባ እግሬ ፔዳሉ ላይ አይደርስም፣ እግሬ ካልደረሰ መርፌው አይወርድም። በመብራት የሚሠራ ግዢ የሚሉኝ ደጋግ ሰዎች አሉ፤ ያም ቢሆን ከሥሩ የሚረገጥ ነገር አለው። እንግዲህ የያዝኩት ጉዳይ ይኸው ነው ክቡርነትዎ፦ ወይ ጉልበቴ ይታጠፋል፣ ወይ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው አንድ ሥራ ይቀርብኛል። አቤቱታዬን በቁጥር ላስቀምጥልዎ፤ ቢሮ ቁጥር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

አንደኛ፣ ከሆስፒታል ስወጣ ማንም ምንም ሳይነግረኝ ስላሰናበታችሁኝ አመሰግናለሁ። አልጋው ለሌላ ይፈለግ ስለነበር ነርሷ ከበሩ ሆና «በርቺ እትዬ፣ እየተንቀሳቀስሽ» ብላኛለች፤ ትምህርቱ በዚሁ አብቅቷል። ከዚያ ወዲያ ሕክምናዬን የተረከበው የሰፈር ሰውና ዘመድ ነው። ሊጠይቀኝ የገባ ሁሉ ገና ጫማውን ሳያወልቅ ከጉልበቴ ሥር ትራስ ይጨምራል። አንዷ ጎረቤቴ ወጥታ ሌላዋ ስትገባ «ምን ዓይነት ጭካኔ ነው፣ እንዲህ በአንድ ትራስ!» ትላለች፤ በማግሥቱ እግሬ ጣሪያ ማየት ጀመረ። የባለቤቴ ታላቅ እህት፣ ቤተሰቡ በሙሉ «አዛዥ» የሚላት፣ ከእኛ ጋር ከርማ ልነሳ በሞከርኩ ቁጥር «ተኚ! የብረት እግር ይዘሽ የት ልትሄጂ ነው? ይዛግብሻል!» እያለች ትመልሰኛለች። በፍቅር ነው የተኛሁት ክቡርነትዎ። እንዲህ ያለ ፍቅር ጉልበት እንደሚያደርቅ ያወቅሁት ሐኪሙ በክትትሉ ቀን አይቶኝ ራሱን ይዞ «ከጉልበትዎ ሥር ትራስ ያደረገው ማነው?» ሲል ነው። መላው ሰፈር ነው እንዳልለው አፈርኩ። አዛዥ በበኩሏ እስከ ዛሬ ሐኪሙ በትራሶቹ ቀንቶ ነው ባይ ናት።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ በዚያው ቀን ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል ላከኝ። የጉልበትና የዳሌ ሕሙማን የሚሠለጥኑበትን ክፍል ፎቅ ላይ፣ ያውም የመጨረሻው ላይ ያደረገውን ሰው ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ ቀልድ የሚያውቅ ሰው መሆን አለበት። ሊፍት እንዳለ አይቻለሁ። በሩ ላይ «ለዕቃ ብቻ» ይላል። ባለቤቴ በከባድ መኪና ሹፌርነት ያረጀ ሰው ስለሆነ ጭነት ነክ ነገር ላይ ክርክር አይፈራም፣ የሊፍቱን ሠራተኛ «እሷንም እንደ ዕቃ ቁጠራት» አለው። በትዳር ዘመናችን ከሰማኋቸው ቃላት ይህ ከክፉዎቹ ወገን ቢሆንም ለጉልበቴ ስል ዋጥ አደረግሁት። ሠራተኛውም ከላይ እስከ ታች አይቶኝ፣ በጣም አዝኖ፣ «ዕቃ ከሆነች የዕቃ ክፍል ፈርሞ ይስጣችኋ» አለ። የዕቃ ክፍሉ ሰውዬ ደግሞ ለምሳ ወጥቷል። በመጨረሻ ባለቤቴና አንድ ደግ የሆስፒታሉ ጥበቃ እጃቸውን አጣምረው ወንበር ሠሩልኝና በእያንዳንዱ ፎቅ እያረፉ፣ እነሱ እያለከለኩ፣ እኔ ቀሚሴን እየያዝኩ አወጡኝ። ጥበቃውን ያመስግኑልኝ፤ ሰሞኑን ወገቡን እንዳመመው ሰምቻለሁ፣ ለእሱም ሕክምናው እዚያው ፎቅ ላይ ነው።

ሦስተኛ፣ እዚህ ላይ ምስጋናዬ ልክ የለውም። በዚያ ክፍል ወረፋ የሚባል የለም! ክፍሉ ሰፊ ነው፣ መስተዋቱ የተወለወለ ነው፣ ይዘው የሚራመዱበት ሁለት ብረት ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቷል፣ ጥግ ላይ የማይሄድ ብስክሌት ቆሟል። የብስክሌቱ ፔዳል ላይ ዓይኔ ሲያርፍ የመኪናዬን ዘመድ ያየሁ ያህል ልቤ ሞቀ። ይህን ሁሉ ጎን ለጎን ተሰልፈን እንጠብቀዋለን ብዬ ስፈራ፣ ለካ ከባለሙያዋ ካፖርት በቀር ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠ የለም። ባለሙያዋ ወጣት፣ ንጹሕ፣ ፈገግታዋ ደስ የሚል ልጅ ናት። ስሜን ጠየቀች፣ በየት መጡ አለች፣ በደረጃ አልኳት። ፊቷ በራ። «እንኳን ደስ ያለዎት! ደረጃውን ከወጡማ ድነዋል» አለች።

መሳቅ ጀምሬ ነበር። እሷ ግን አልሳቀችም። ክፍሉ እንዳይጨናነቅ ሲባል ደረጃ ወጥቶ የመጣ ታካሚ እንደዳነ ተቆጥሮ እንዲሰናበት፣ ያልመጣ ደግሞ ሕክምናውን እንዳቋረጠ እንዲቆጠር የእርስዎ መመሪያ መሆኑን አስረዳችኝ። እኔማ በሁለት ሰው እጅ ተቀምጬ ነው የመጣሁት ብላት፣ ባለቤቴን ደረቱ ከፍ ዝቅ ሲል በዓይኗ እያየችው፣ በጣም በትዕግሥት «ዋናው መምጣትዎ ነው» አለችኝ። ይኸው በአንድ ንግግር ዳንኩ። ስንት ሰው ሐኪም ፍለጋ አገር ለአገር ይዞራል፣ እናንተ ዘንድ ደረጃው ራሱ ይፈውሳል። ወደ ታች ስንወርድ ባለቤቴ «መውረዱስ በማን ሊቆጠር ነው?» አለ።

አራተኛ ብዬ ልቀጥል ነበር፣ ግን ቁጥሩ ደከመኝ። የሆነውን ብቻ ልንገርዎ።

ቤት ስንደርስ መኪናዬ ላይ የተከመረውን የደንበኛ ልብስ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ። ወንበሬን ስቤ ተቀመጥኩ፤ ጉልበቴ ከመኪናው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ እግሬ እንደ እንጨት ወደ ፊት ቀረ። ይህን ጊዜ ባለቤቴ ወለሉ ላይ ቁጭ አለና ፔዳሉን በሁለት እጁ ያዘ። «አንቺ መሪ ያዢ፣ ነዳጁን ለኔ ተዪው» አለኝ። ከክምሩ ላይ የመጣልኝን ልብስ ዘረጋሁ፤ ወገቡ እንዲሰፋ የተሰጠኝ የወንድ ሱሪ ነበር። እሱ ከታች ይረግጣል በእጁ፣ እኔ ከላይ እመራለሁ። «ቀስ በል!» ስለው ይቆማል፣ «ተነስ!» ስለው ዳገት እንደሚወጣ ይጋልባል፤ «ፍሬን! ፍሬን!» እያልኩ እየጮህኩ ስፌቱ መስመሩን ስቶ በኪሱ አፍ ላይ ሄደ። አዛዥ ጫጫታውን ሰምታ ከጓዳ ወጥታ «ሁለታችሁም ተኙ!» አለች። ሳቅን። እንደዚያ ከሳቅን ቆይተናል። ከዚያ ባለቤቴ ከወለሉ ለመነሳት ሲል የመኪናውን እግር ይዞ፣ አንድ ጊዜ ሞክሮ፣ መልሶ ተቀመጠ፤ ለካ እሱም የሚያመው ጉልበት ያለው ሰው ነው። እኔ ማጠፍ አልቻልኩ፣ እሱ መዘርጋት። ያን ጊዜ ሳቁ ከሁለታችንም ፊት ላይ ወረደ።

ክቡርነትዎ፣ የተቆጣሁ አይምሰልዎ። ለመቆጣትም ሁለት እግር ይፈልጋል። ደክሞኛል ብቻ። ጠዋት ስነሳ ጉልበቴን በፎጣ ስቤ ላጥፈው እሞክራለሁ፣ ያማል፣ እስከ መቼ መሳብ እንዳለብኝ፣ የት ላይ ማቆም እንዳለብኝ የሚያሳየኝ ግን የለም፤ ብዙ ብስበው የሐኪሙን ሥራ የማፈርሰው ይመስለኛል፣ ብተወው ደግሞ ጠባሳው በየቀኑ ይጠናል። የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ያቺ ደስ የምትል ልጅ ከነብስክሌቷ ወደ ምድር ቤት ትውረድ። እዚያው ምድር ቤት ከቢሮዎ ፊት ለፊት የተሰበረ ወንበር የሚቀመጥበት ክፍል በሩ ክፍት ስለነበር አይቼዋለሁ፤ ወንበሮቹ ቢሰበሩም ጉልበት አያማቸውም፣ ደረጃ ይውጡ፣ ሊፍቱም ለእነሱ የተፈቀደ ነው። ይህ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ቢያንስ «ድናለች» የሚለውን አንሱልኝና እንደ በሽተኛ ልቆጠር። ጤነኛ መባል ለአንዳንድ ሰው ክብር ነው፤ እኔን ግን ከሕክምና አስወጥቶኛል።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ባይሰጡኝም ስለወሰድኩብዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ አመሰግናለሁ ማለት ፈልጌ ነበር፤ ዝቅ ማለቱ ስላልሆነልኝ ከወንበሬ ላይ ቀኝ እግሬን እንደ ዘረጋሁ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ።

በመመሪያዎ የዳንኩ፣ በእግሬ ያልዳንኩ፣
ልብስ ሰፊዋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከላይ ያነሳሁት ሱሪ የእርስዎ ነው። ከቀዶ ጥገናዬ በፊት በሹፌርዎ እጅ ልከውልኝ ነበር፤ ወገቡ ገና አልሰፋም፣ የቀኙ ኪስ ደግሞ አፉ ተሰፍቷል። ለልክ እንዲመጡልኝ በትህትና እጠይቃለሁ። ሱሪውን ለብሰው በእግርዎ በሬ ድረስ ከደረሱ ግን ልክዎ ነው ማለት ነውና ሜትሬን አላወጣም። ቁልፉ አልገጠመም፣ እጄ ኪሴ አልገባም ቢሉኝም ወንበር አቀርብልዎና በትዕግሥት እመልስልዎታለሁ፦ ዋናው መምጣትዎ ነው።