እትዬ ጌጤነሽ በሐዘን ልብስ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሐምሌ ፲ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለየወይንሐረግ፣ ሲያትል

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ስልክ ላይ ስለምታቋርጪኝ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽፌልሻለሁ።

ቅዳሜ የልጅሽን ትርኢት አየሁ። ፍሪንጅ በሚሉት የቴአትር ፌስቲቫል፣ ዋሺንግተን ዩ ስትሪት አጠገብ ባለ ጠባብ አዳራሽ፣ ትርሲት ብቻዋን መድረክ ላይ ወጥታ እትዬ ጌጤነሽ የተባለች አሮጊት ሆና ሰው ታስቃለች። ጌጤነሽ ላንግሊ ፓርክ ላይ አውቶቡስ ተሳፍራ ሾፌሩን «ሸሚዝህን ሱሪህ ውስጥ አስገባ!» ትለዋለች። እኔ መሆኔን ለማወቅ አልተቸገርኩም። እውነትም አንዱን ሾፌር ብዬዋለሁ፤ አስገብቷልም።

ጥፋቱ ሌላ ነው። ነጠላዋን ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ፣ እንደ ሐዘንተኛ ለብሳ ወጣች። ፈረንጆቹ ሳቁ። ከፊት የተቀመጥነው የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ግን እርስ በርስ ተያየን። «ማን ሞቶባት ነው?» አለችኝ ጓደኛዬ ታደለች በጆሮዬ። ይባስ ብለው ከእኛው ጋር የተቀመጡት አቶ በፈቃዱ ብድግ አሉና «እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ» አሏት። ልጅቷ ሃያ ደቂቃ ሲቀራት መድረኩን ትታ ወረደች።

መኪና ውስጥ «እማማ፣ በቃኝ፤ የቀሩትን ሾዎች ካንስል አደርጋለሁ» አለችኝ።

«ነጠላ መልበስ ማን አስተማረሽ?»

«ዩቲዩብ።»

«እኔ እያለሁ?»

«እርስዎን ብጠይቅ ይከለክሉኝ ነበር።»

ይህን መልስ ሦስት ቀን አሰብኩበት።

አንቺም ደውለሽ «እንድትተው ያድርጓት፤ የሰው መሳቂያ አትሁን» አልሽኝ። ቃሉ የራሴ ነው። የትምህርት ቤትሽ ድራማ ክበብ ውስጥ በነበርሽ ጊዜ እኔ ነኝ ያልኩሽ። አንቺ ያን ጊዜ ታዘሽኝ ተውሽው። ትርሲት ግን እኔ እያለሁ አትተወውም።

ከማክሰኞ ጀምሮ ሳሎን ውስጥ እናጠናለን። ነጠላውን አስተካክላለች። አረማመዷ ግን ገና ነው፤ ጎብጣ ትሄዳለች፣ እኔ አልጎብጥም። ሠላሳ ጊዜ አስደግሜያታለሁ። «እማማ፣ ፕሊስ፣ ደከመኝ» ስትለኝ «ጌጤነሽ አይደክማትም» እላታለሁ። ትናንት በዚህ መልሴ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ ወዲያው ወረቀት አንሥታ ጻፈችው።

ሐምሌ ፲፱ ቀን፣ ቅዳሜ በዘጠኝ ሰዓት እንደገና ትወጣለች። ታደለችም አቶ በፈቃዱም ይመጣሉ፤ ራሴ ነግሬያቸዋለሁ። ለአንቺም ዓርብ ማታ የሚነሣ አውሮፕላን አለልሽ። አጠገቤ ያለውን ወንበር አስይዤልሻለሁ። ካልመጣሽ ቦርሳዬን አስቀምጥበታለሁ እንጂ ለማንም አልሰጠውም።

ድካምሽን የሚያይ አምላክ በመንገድሽ ሁሉ ይቅደምልሽ።

እናትሽ
ብሩክታይት ዋለልኝ