ባዶ ነው የተባለው ቁም ሣጥን

የሥራ ባልደረቦቻቸው «አባ በሦስት» የሚሏቸው አባት፣ ከአናጺ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ከስድስት ልጆች ሦስተኛው ነበሩ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ የእጅ ጽሕፈታቸውን ግን ታላቅ እህታቸው ዛሬም ድረስ ማንበብ አልቻሉም።

በዐሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የቤት ዕቃ በሚያጓጉዝ ድርጅት ውስጥ በጫኝና አውራጅነት ተቀጠሩ። ፍሪጅ በጀርባቸው አዝለው ብቻቸውን አራተኛ ፎቅ የሚያወጡ ጎረምሳ ስለነበሩ «ክሬኑ» ተባሉ። ስሙን ወደዱት፤ መከራው የመጣባቸውም በዚሁ ስም የተነሣ ነው። በሃያ አምስት ዓመታቸው፣ ዕቃ ሊያደርሱ ሄደው የተዋወቋቸውን የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ አግብተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ።

በሠላሳ አራት ዓመታቸው ከሦስተኛ ፎቅ ቁም ሣጥን ሊያወርዱ ሄዱ። የዕቃው ባለቤት «ባዶ ነው» አሏቸው። አብሯቸው የሄደው ጫኝ ጓደኛቸው ገመድ ሊያመጣ ወርዶ ነበር፤ ክሬኑ ግን ማንን ይጠብቃል! ሳይከፍቱ፣ ሳይነቀንቁ፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ብድግ አደረጉት። ለካ የታችኛው መሳቢያ የቧንቧ ሠራተኛ መፍቻና ብረት ጢም ብሎ ሞልቶበታል። ወገባቸው ቋ አለ። ቁም ሣጥኑን ግን አልጣሉትም። ቀስ አድርገው አስቀመጡት፤ ከዚያም ደረጃው ላይ ተቀምጠው ማንም ሳያያቸው አለቀሱ። ይህን ለልጆቻቸው የነገሩት ገና ዓምና ነው።

ሐኪሙ የወገባቸው ዲስክ መንሸራተቱን ነግሮ ከባድ ዕቃ እንዳያነሡ ሲከለክላቸው፣ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሆድ ይፍጀው ብለው ሥራ ገቡ። ሦስት ልጆች ይማራሉ፤ ሌላ ሙያ የላቸውም። ባለቤታቸው ካወቁ ደግሞ ሥራውን እንደሚያስተዋቸው አልጠፋቸውም። ስለዚህ ቀድመው ይነቁና ከአልጋው ተንከባለው ወርደው፣ ወገባቸው እስኪፍታታ በእጅና በጉልበታቸው ይቆዩ ነበር። ልጆቻቸው አባታችን ይጸልያል ብለው ኮቴያቸውን ሳያሰሙ ያልፋሉ። ባለቤታቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ማታ ከአልጋው ሥር የገባው ጫማ ግን ሁልጊዜ ጠዋት ወንበር ላይ ይገኛል።

አንድ ጠዋት ሕመሙ ጠንቶባቸው ጫማቸውን እንደያዙ፣ «እንዴ፣ ይሄ ጫማ ብቻውን ነው ወንበር ላይ የሚወጣው?» አሉ። ባለቤታቸውም ሳይዞሩ፣ «ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሲወጣ ኖሮ ዛሬ ነው የገረመህ?» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ብዙ አለቀሱ።

በዚያው ቀን አለቃቸው ዘንድ ሄደው እውነቱን ተናገሩ። ይባረራሉ ሲባል የጭነት ተቆጣጣሪ ተደረጉ። ሳይደግስ አይጣላም ይሏል ይሄ ነው። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው የተባለ ዕቃ ሁሉ ሳይከፈት አይነሣም፤ ጫኞቹ ቁጢጥ ብለው፣ ተያይተው፣ እሳቸው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ ብቻ ያነሣሉ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለውን ተረትም ጫኞቹ ከእሳቸው አፍ እስኪሰለቻቸው ሰምተውታል። በእሳቸው ሥር ማንም ወገቡን አልታመመም ብንል ውሸት ይሆናል፤ ብቻውን ያነሣ ሰው ግን አልነበረም። ጡረታ እስኪወጡ ዐሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሠሩ።

ከሕመማቸው ጋር ተላምደው ኖሩ። ጠንካራ ሰሌዳ ላይ ይተኛሉ፣ ወገባቸውን በሙቅ ውኃ ጠርሙስ ያሞቃሉ፣ ማለዳ ማለዳ ይራመዳሉ። የልጅ ልጆቻቸውን ብድግ ማድረግ ስለማይችሉ ወለሉ ላይ ይጋደሙላቸውና እነሱ ይወጡባቸው ነበር።

ላለፉት አምስት ወራት በሳንባ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ማክሰኞ ማለዳ፣ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውንና ታላቅ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ ሸክማቸውን ከጫንቃቸው አውርዶ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም ብርታት ይስጥልን።

ሣጥናቸውን የሚሸከሙት በእሳቸው ሥር የሠሩ ስድስት ባልደረቦቻቸው ናቸው። በመጨረሻው ሳምንት፣ ሰውነታቸው አልቆ ሳለ፣ የላኩላቸው መልእክት ይህ ነው፦ «ከስቷል፣ ቀላል ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ቁጢጥ በሉ፣ ተያዩ፣ በሦስት አንሡኝ።»